ከየስታይሉ ጋር መጋጠም፦ ከባሕር ዳር የልምምድ ማስታወሻ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ጥር መጀመሪያ ላይ የከተማችን ክለቦች ተሰባስበው የወዳጅነት ግጥሚያ ያደርጋሉ። ካራቴው፣ ኪክቦክሲንጉ፣ ውሹ ሳንዳው (ቡጢ፣ እርግጫና መጣል ያለበት የቻይና ፍልሚያ)፣ ሁለቱም ዓይነት ቴኳንዶ፣ ሁሉም አለበት። የኔ ልጆች የአይቲኤፍ፣ የዓለም አቀፉ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ ቴኳንዶ ልጆች ናቸው። እስካሁን የተጋጠሙት በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ነው። አንዱ የሌላውን እግር በልቡ ያውቀዋል። ዳሌው ገና ሲዞር ምን እንደሚመጣ ይገባዋል። እንግዳ ስታይል ፊት ሲቆሙ ግን ይጨንቃቸዋል። የሚያውቁትን እርግጫ ሁሉ በአንዴ ለማውጣት ይሞክራሉ፣ ዙሩ ሳይጋመስ ትንፋሻቸው ያልቃል።

ሦስት ልጆች ላይ አተኩራለሁ። አንዷ ቀይ ቀበቶ ናት፤ ረጅም፣ የፊት እግሯ ፈጣን። አንዱ ግራኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጠብቆ የሚመታ። ሌላው አጭርና ደንዳና ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ወደፊት እንጂ ሌላ አቅጣጫ አያውቅም። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ሰው ስለሆኑ አንድ ዓይነት ምክር አይበቃቸውም።

የግጥሚያው ሕግ ቀድሞ ተነግሮናል። ዙሩ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ያለማቋረጥ። ቡጢና እርግጫ ከወገብ በላይ ይፈቀዳል፣ ጭንቅላትም ጭምር፣ ግን በልኩ። ጭን ላይ ቀለል ያለ ሎው ኪክ፣ ዝቅ ያለ እርግጫ ማለት ነው፣ ይቻላል። የመጣ እግር መያዝ ይቻላል፣ መጣል ግን የለም። ይህ የማንኛችንም ሙሉ ሕግ አይደለም። ሁሉም ከለመደው ትንሽ ወጣ ብሎ ይጫወታል። በጣም ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ አንድም እግር አልተነሳም። ልጆቹ ዶቦክ፣ የቴኳንዶ ልብሳችንን፣ ለብሰው መጥተው ሰሌዳ ፊት አስቀመጥኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው።

ሰሌዳው ላይ የነጥብ አሰጣጥ ጻፍኩ። በእኛ በአይቲኤፍ ቡጢ 1 ነጥብ ነው፣ አካል ላይ ያረፈ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ 3። በወርልድ ቴኳንዶ፣ በኦሊምፒኩ ማለት ነው፣ አካል ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነው፣ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ 3። ዞሮ የተመታ ከሆነ አካል ላይ 4፣ ጭንቅላት ላይ 5 ይሆናል። ጭንቅላትን በቡጢ መምታት ግን ክልክል ነው። በስፖርት ካራቴ ቡጢ 1፣ አካል ላይ ያረፈ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ 3 ነው። ነጥብ ሲገኝ ዳኛው "ያሜ" ብሎ ያስቆማል፣ ተጋጣሚዎቹም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። ፊቱ ላይ ቡጢ መጥቶበት የማያውቅ ሰው እጁን የት ያደርጋል?

"ወደታች ነዋ ማስተር" አለች ቀይ ቀበቶዋ።

በቃ፣ የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው። የኦሊምፒክ ቴኳንዶ ልጅ እጁን ዝቅ አድርጎ የሚቆመው ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። ሕጉ እጁን ከፍ እንዲያደርግ አላስገደደውም። ካራቴካው መትቶ ሲያበቃ የሚላላው ዳኛው ሁልጊዜ ስለሚያስቆምለት ነው። ቦክሰኛው ክብደቱን የፊት እግሩ ላይ የሚጥለው ያንን እግር የሚመታው ሰው ስለሌለ ነው። እኛም እንደዚያው ነን። ወደ ጎን ዞረን ረጅም አቋቋም የምንቆመው በሕጋችን ጭን አይመታም፣ እግርም አይያዝም ብለን ነው።

ስለዚህ ተጋጣሚ ሲሰጥህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስንት ዓመት ሠራ፣ ቀበቶው ምንድነው ብለህ አይደለም። ሕጉ ምን ይከፍለዋል፣ ምን ይከለክለዋል ብለህ ነው። የሚከፍለው ነገር አደጋህ ነው። የከለከለው ነገር በርህ ነው።

የቴኳንዶን ታሪክ ጣል አደረግሁላቸው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ አይቲኤፍን የመሠረቱት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው በ1973 ተቋቋመ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ። ሥሩ አንድ ነው። ሕጉ ሲለያይ ግን አቋቋሙ፣ ርቀቱ፣ እጁ፣ ሁሉም ተለያየ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በ58 ኪሎ የተጋጠመውን የሰለሞን ቱፋን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። በዚያ ሕግ የፊት እግር ምን ያህል ሥራ እንደሚሸከም እንዲያዩ ነው። አንገታቸውን አስረዝመው ሲያዩ ቆዩ። የአገር ልጅ ሲሆን ዓይን የሚያይበት መንገድ ይለያል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ርቀት። የአዳራሹ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሦስት መስመር አሰመርኩ። ከመጀመሪያው መስመር ኋላ ከሆንክ ተጋጣሚህ ሳይራመድ በምንም አይደርስብህም። ሁለተኛው ላይ እግር ይደርሳል። ሦስተኛው ላይ እጅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ደረት ለደረት ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሁለቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ እኔ ድንገት "የት ነህ?" እላለሁ። መሬት ሳያዩ መመለስ አለባቸው። አጭሩ ልጅ ደጋግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ ተገኘ። ለእሱ ከዚያ የከፋ ቦታ የለም። የረጅም ሰው እግር የሚያርፈው እዚያ ነው፣ የእሱ እጅ ግን አይደርስም። አጭር ሰው ወይ ከመጀመሪያው መስመር ኋላ ይቆይ፣ ወይ ጠቅልሎ ሦስተኛው ውስጥ ይግባ። መሀል ላይ ቆሞ ማሰብ የለም።

ሁለተኛው ሥራ ማታለያ ነው። የፊት እግርህን ጠበቅ አድርገህ ትረግጣለህ፣ ዳሌህን ትንሽ ታዞራለህ፣ ግን አትመታም። ተጋጣሚህ ምን አደረገ? ወደ ኋላ ከሄደ፣ ልጆቹ "ሸሺ" አሉት። እጁን ሰብስቦ ከተሸፈነ "ዘጊ"። ወዲያው ከመታ "መላሽ"። ጭራሽ ወዳንተ ከመጣ "ገስጋሽ"። ስሞቹን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ እኔም ተቀበልኳቸው። ካሁን በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ለነጥብ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ ናቸው። ዘጊ ቀላሉ ነው። እጁ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ጎድኑ ይከፈታል፣ እዚያ ትመታለህ። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ጊዜ ይወስዳሉ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ያለፉትን ቀናት ሁሉ የወሰደው ገስጋሽ ነው። አጭሩን ልጅ ገስጋሽ አድርጌ ሁለቱን በየተራ ፊቱ አቆምኳቸው። መሆን ያለበትን እንዲሆን ስለተፈቀደለት ደስታው ሌላ ነበር።

ሰው ሲመጣበት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተፈጥሮ ነው። ግን ወደፊት የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ ከሚሄደው ሁልጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ ደንብ አወጣን። ቀጥታ ወደ ኋላ ቢበዛ ሁለት እርምጃ ነው። ሦስተኛው የግድ ወደ ጎን ይሆናል።

ማስቆሚያው ደግሞ የፊት እግር ዮፕ ቻጊ፣ የጎን እርግጫ፣ ነው። ጉልበት ወደ ደረት ይነሳል፣ ተረከዙ ቀበቶው ላይ ያርፋል። ሰዓቱ ነው ወሳኙ። ተጋጣሚው ሁለት እግሩ መሬት ላይ እያለ ብትመታው ግድግዳ የመታህ ያህል ነው፣ አንተ ትመለሳለህ። የፊት እግሩ አየር ላይ እያለ ከመታኸው ግን የሚደገፍበት የለውም። ቀይ ቀበቶዋ ይህን ለመያዝ ቆየች። ዓይኗ እጁ ላይ ነበር። "እጁን ተይው፣ ጉልበቱን እይ" አልኳት። የፊት ጉልበቱ ከመነሳቱ በፊት ትንሽ እጥፍ ይላል። ያን እጥፋት ካየች በኋላ እግሯ ቀድሞ ይጠብቀው ጀመር። ደንዳናው ልጅ ባለበት ቀረ።

ወደ ጎን መውጣቱ ከዚህ ይከብዳል። የፊት እግር ባለበት እንደ ምሰሶ ይተከላል፣ የኋላው ዞሮ ይመጣል። ገስጋሹ ባዶ ቦታ ላይ ያልፋል፣ አንተ ጎኑ ላይ ትገኛለህ። ከወጡ በኋላ አለመምታት ሌላው ችግር ነው። መውጣቱ በራሱ ነጥብ አይደለም፤ እግርህ መሬት ሲነካ እጅህ መነሳት አለበት።

አጭሩ ልጅ ማታ ሲወጣ ቀረብ አለኝ። "ማስተር፣ ሁሉም ይህን ካወቀ እኔ ምን ልሥራ?" አለ። ጥያቄው አስደሰተኝ። ግስጋሴው ሀብቱ ነው፣ አልወስድበትም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመነሳቱ በፊት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ከሰኞ ጀምሮ ተጋጣሚው እግሩን ሲመልስ ብቻ ነው የሚገባው። የተዘረጋ እግር ወደ መሬት እስኪመለስ ያለችው ቅጽበት የእሱ ናት። እስከዚያ በመጀመሪያው መስመር ኋላ ይቆያል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ማለዳ ጣና ዳር ወረድን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፤ ጠዋት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሣሩ ገና የክረምቱን እርጥበት አልለቀቀም። ወለሉ እኩል ስላልሆነ ሚዛን ያስተምራል።

አንድ የቦክስ አሠልጣኝ ጋሼ መጥተውልን ነበር። በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ። ሁለት ልጆች ይዘው መጡ። ብዙ አልተናገሩም። ቀይ ቀበቶዋ ከአንዷ ጋር ስትጋጠም ቆመው አዩ፣ ከዚያ አስቆሟት።

"ልጄ፣ እግርሽ ሲነሳ እጅሽ ይወርዳል። እኔ የማየው እግርሽን አይደለም፣ እጅሽን ነው። እሷም እንደዚያው።"

እውነት ነው። እግር በጣም የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይህ አለበት። ሚዛን ለመጠበቅ እጁ ወደ ጭኑ ይሄዳል። መድኃኒቱንም ነገሩን። በኋላው እጇ የዶቦኳን አንገት ጨብጣ እንድትራገጥ። ጨርቁን ከለቀቀች ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የሚሰለች ሥራ ነው፣ ግን ይሠራል። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ቦክሰኛን በተመለከተ የደረስንበት ይህ ነው። በሦስተኛው መስመር ውስጥ ከእሱ ጋር መለዋወጥ የለም፣ ያ ቤቱ ነው። ወደ ሆድ የሚገፋ የፊት እግር፣ ክብደት በተጫነበት የፊት ጭን ላይ ሎው ኪክ፣ ከዚያ መውጣት። ከገባብሽ ደግሞ ክርንሽን ጎድንሽ ላይ ሰብስበሽ ወደ ጎን ዙሪ። ወደ ኋላ ከሄድሽ የተዘረጋ ቡጢ ጫፍ ላይ ትገኛለሽ፣ ቡጢ ደግሞ ጉልበቱ እዚያ ነው።

ጋሼ ሲሄዱ ቡና ጋበዝናቸው። የዘጌ ቡና ነበር። ስለ ልጆቹ እጅ እንጂ ስለ ሌላ አላወሩም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጾመ ነቢያት ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ልጆች አሉ። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አዛወርኩት፣ ቀምሰው፣ ውሃ ጠጥተው ይመጣሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ባዶ ሆድ ይዞ በሙሉ ጉልበት መፋለም አይመከርም። ጠዋት የሚመጡት ቀስ ብለው ማታለያና እርምጃ ብቻ ይሠራሉ። ለማታለያ እንዲያውም ቀስ ማለት ይሻላል።

የሰሞኑ ርዕስ መላሽ ነው። ሞዴላችን ግራኙ ልጅ ነው። አይነሳም። ይጠብቃል። አንተ ስትመታ እሱ ቀድሞህ ይደርሳል። ከእሱ ጋር የመጀመሪያው ምት የራስህ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ማታለያ ነው፣ ሁለተኛው የእሱ መልስ ነው፣ ነጥብ የምታገኘው በሦስተኛው ነው። ግማሽ እርምጃ ትገባለህ፣ ትቆማለህ። እሱ የመታ መስሎት እግሩን ይለቃል። እግሩ ፊትህ ያልፋል። አሁን ሂድ።

ሲባል ቀላል ነው። ችግሩ ማታለያው ውሸት ሲመስል ነው። አጭሩ ልጅ ሲያታልል እግሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻውና ዓይኑ ባሉበት ይቀራሉ። ግራኙም ንቅንቅ አይልም። ማታለያ እስከ ግማሹ ድረስ እውነተኛ ምት መሆን አለበት። ጉልበቱ በትክክል ይነሳ፣ ፊቱም ያምን። ከዚህ ሌላ፣ ሰው ማታለያን ሁለቴ ካየ በኋላ ያምናል የሚል ሕግ የለም፤ አንዳንዴ የመጀመሪያው እውነተኛ መሆን አለበት። በደንብ ይመታው፣ ያስበው። ከዚያ የሚቀጥለው ማታለያ ዋጋ ይኖረዋል።

ስለ ግራኝነቱ ደግሞ። ቀኝ ሰውና ግራኝ ሲቆሙ የሁለቱም ፊት እግር በአንድ ወገን ይሆናል፣ ሆዳቸውም እርስ በርስ ይከፈታል። የግራኙ የኋላ እግር በቀጥታ የሚመጣው በቀኝ ጎድን ላይ ነው። እዚያ ጉበት አለ። ጉበት ላይ በደንብ ያረፈ ምት ሰውን ያንበረክካል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ አይደለም። ስለዚህ ቀኝ ክርን ከጎድን አይርቅም። ሁለተኛው ነገር የፊት እግርህ ከእሱ የፊት እግር በውጭ በኩል ይሁን። ያን የያዘ ሰው ቀጥታ መስመሩን ይይዛል። ሁለት ልጆች በአውራ ጣታቸው ለዚያች ጋት ቦታ ሲሻሙ ማየት ደስ ይላል። ከውጭ ለሚያይ የቆሙ ይመስላል፣ ግጥሚያው ያለው ግን እዚያች ጋት ውስጥ ነው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሸሺ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። አትከተለው። እሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ጎን እየተራመድክ ቦታውን አጥብበው። የካራቴ ሜዳ 8 በ8 ሜትር ነው፣ ሰፊ ይመስላል፣ ጥጉ ላይ ግን ሁለት እርምጃ ብቻ ይቀራል። ጥግ ሲደርስ ወዴት እንደሚወጣ እግሩ ይናገራል። የሚወጣበት ጎን እግርህን አስቀድመህ ጠብቀው። በዚህ ሳምንት ሁሉም ያዙት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የካራቴው ወዳጄ መጣ። ለብዙ ዓመታት የስፖርት ካራቴ ሠርቷል። "ወንድሜ፣ ልጆችህን አልራራላቸውም" ብሎ ነው የጀመረው። ዛሬ ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ።

በእግሩ ጣት ይነጥራል። ከእኛ የመጀመሪያ መስመር ኋላ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ። ቀይ ቀበቶዋ በዚያ ርቀት ላይ ምንም አይመጣም ብላ እጇን አላላች። መጣ። ሁለት ሜትር ያህል በአንድ ግፊት ሸፈነ፣ የኋላ እጁ ደረቷ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወጣ። እግሯን ለማንሳት ጊዜ አልነበራትም። ደገመው። ተመሳሳይ ነው።

አስቆምኳቸው። አንቺ እግሩን ብቻ እይ አልኳት። ወዳጄንም ቀስ ብሎ እንዲያሳያት ለመንኩት። ንጥሪያው እኩል ነው፣ ላይ ታች፣ ላይ ታች። ከመምጣቱ በፊት ግን አንዷ ንጥሪያ ከሌሎቹ ዝቅ ትላለች። የኋላ ተረከዙ ወደ መሬት ይጠጋል፣ የፊት ጉልበቱ ጸጥ ይላል። ጉልበቱን የሚያጠራቅምበት ቅጽበት ነው። ከዓይን ጥቅሻ ብትበልጥ ነው፣ ግን አለች። ራሱ ወዳጄም ሲነገረው ገረመው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሠራች። መጀመሪያ፣ ጉልበቱ ጸጥ ሲል የፊት እግሯን ታነሳለች። መምታት የለባትም፣ መንገዱ ላይ መኖሩ ይበቃል። ወዳጄ ተረከዟ ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ሁለተኛው ይበልጥ ጣመኝ። ሲመታት ትንሽ ወደ ጎን ትወጣለች፣ እሱም ወደ ኋላ ሲወጣ አብራው ትሄዳለች። እዚህ ላይ ሕጉ የሠራው ሰውነት ተገለጠ። መትቶ ሲወጣ ትከሻው ይላላል፣ አገጩ ይነሳል። በእሱ ሜዳ ላይ ጨዋታው አብቅቷል። በእኛ ላይ ግን ገና ነው። ዶልዮ ቻጊዋ፣ ዞሮ ከጎን የሚመጣው እርግጫዋ፣ ትከሻው ሳይሰበሰብ የራስ መከላከያውን ነካው።

"ይኼ ለኛም ይጠቅመናል" አለ ወዳጄ፣ ላቡን እየጠረገ። ከዚያ እሱ ደግሞ እኛ እግራችንን ስንመልስ ወደ መሬት ዝም ብለን እንደምንጥለው አሳየን። ያ ለእሱ በር ነው። እግሩ ወይ ወደ ጉልበት ተመልሶ ይታጠፍ፣ ወይ ወደፊት አርፎ እጅ ይከተለው። ማስታወሻችን ላይ ጻፍነው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሳንዳና ኪክቦክሲንግ። ለእኛ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው።

ሎው ኪክ መጀመሪያ። ወደ ጎን የዞረ ረጅም አቋቋማችን የፊት ጭናችንን፣ እንዲያውም የጉልበታችንን ጀርባ ሳይቀር ያጋልጣል። አቋቋሙን አሳጠርነው፣ የፊት እግር ጣትም ወደ ተጋጣሚው እንዲዞር አደረግን። ሲመጣ እግር ይነሳል፣ ጉልበት ወደ ውጭ ይዞራል፣ ቅልጥም ይቀበላል። ያማል። በሺን ጋርድ፣ በቅልጥም መከላከያ፣ ቀስ እያልን ነው የሠራነው። ብዙ ሰው ሎው ኪክ ሲመታ በዚያው ወገን ያለው እጁ ይወርዳል። ቀጥታ ቡጢ በዚያ በኩል ይገባል።

እግር መያዙ ግን ገና አልተፈታም። የሳንዳው ልጅ ወገብ ላይ የመጣ ዶልዮ ቻጊ ሁሉ ክንዱ ስር ይገባል። ከማቀፉ በፊት ወደ ውስጥ ይራመዳል፣ ስለዚህ ምቱም ጉልበት ያጣል። ያገኘነው መፍትሔ እጅ ማስቀደም ነው። ሁለት ቡጢ ወደ ፊቱ፣ እጁ ይነሳል፣ ከዚያ እግር። ያለ እጅ የተነሳ የወገብ እርግጫ አንልክም። ወይ ከፍ ይላል ወይ ጭን ላይ ይወርዳል። ከተያዘ ደግሞ ወደ ኋላ መጎተት አይጠቅምም። አንገቱን ወይ ትከሻውን ያዝ፣ ተጠጋ፣ ጉልበትህን ወደ መሬት አዙረህ እግርህን ወደታች ግፋ።

አጭሩ ልጅ እዚህ ላይ ከሁሉም በለጠ። እጁ ሁሌም ቀድሞ ይሄድ ነበርና።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ስለ ጭንቅላት። የዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ ከልጆቹ አንዱ አገጩ ላይ ተመትቶ ለአፍታ ዓይኑ ፈዘዘ። "ደህና ነኝ ማስተር" አለ። አስቀመጥኩት፣ ቤተሰቡን ደወልኩላቸው፣ ሐኪም እንዲያየው ተደረገ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ፍልሚያ የለውም፣ ግጥሚያውም ቢያልፈው ይለፈው።

የራስ መከላከያ መኖሩ ሰውን ያጀግናል። መከላከያው ቆዳ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮና ግንባር እንዳይጎዳ ይረዳል። ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን መናወጥ ግን አያስቀርም። የወንዶች አማተር ቦክስ በ2013 እ.ኤ.አ. መከላከያውን አውልቆ፣ ሪዮ ላይ በ2016 ያለ እሱ ተካሂዷል። የኔ ልጆች ያደርጉታል፣ ግን እንደ ፈቃድ አይቆጥሩትም። ካሁን እስከ ግጥሚያው ድረስ ጭንቅላት ላይ መንካት ብቻ ነው። ታክቲክ ለመማር ጠንክሮ መምታት አያስፈልግም፣ በቀስታ የማይሠራ ነገር በፍጥነትም አይሠራም። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ግጥሚያው ተደረገ። አሸናፊ አይታወጅም፣ ግን የሚያይ ሰው ያውቃል።

ቀይ ቀበቶዋ የደረሳት ከቦክስ ወደ ኪክቦክሲንግ የመጣች ልጅ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች አታለለቻት። ልጅቷ ገስጋሽ ናት። ያን ካወቀች በኋላ የፊት እግሯ መሬት አልነካም ማለት ይቻላል። ወደ ሆድ ግፊት፣ ጭን ላይ ቀለል ያለ ሎው ኪክ፣ መውጣት። በሁለተኛው ዙር ጥግ ላይ ተያዘች። ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ክርኗን ሰበሰበች፣ ዞረች፣ ወጣች። ከወጣች በኋላም መታች። የዶቦኩን አንገት የጨበጠችበት ያ ሁሉ ማታ እዚያ ላይ ታየ፤ እጇ አገጯ ላይ ነበር።

አጭሩ ልጅ ከሳንዳ ልጅ ጋር ተጋጠመ። መጀመሪያ ላይ ደስታው ገነፈለና በወገብ እርግጫ ገባ፣ ተያዘ። ከጥግ "እጅ!" አልኩት። ከዚያ በኋላ እጁ ሳይቀድም እግሩ አልተነሳም። የሳንዳው ልጅ ሲመታ ጠብቆ፣ እግሩ ሲመለስ አብሮት ገባ። ሦስተኛው መስመር ውስጥ ማንም አላስወጣውም።

ግራኙ ደግሞ ካራቴካ ደረሰው። የመጀመሪያው ዙር ግሩም ነበር። ልጁ ሲመጣ የኋላ እግሩ ጎድኑ ላይ ይጠብቀዋል። ሆኖም እነሱም አሠልጣኝ አላቸው። በእረፍቱ አንድ ነገር ተነገረው፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ መንገድ መጥቶ መቆም ጀመረ። ግራኙ እግሩን ለቀቀ፣ አየር መታ፣ ልጁ ያኔ ገባ። ያ እኛ በኅዳር የሠራነው ራሱ ነው። በተቃራኒው ወገን ቆመን አየነው።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ቪዲዮውን ከልጆቹ ጋር ደጋግመን አየን። ግራኙ ብዙ አልተናገረም። መጨረሻ ላይ "ማስተር፣ እሱ ሲቆም እኔም ብቆምስ?" አለ።

ቀጣዩ ሥራችን ይህ ነው። መላሽ የሆነ ሰው ማታለያ ሲመጣበት ምን ያድርግ? ያሰብኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መልሱን በሙሉ እግር ከመስጠት በፊት በእጅ ወይም በአጭር የፊት እግር መጠየቅ፤ ቢሳሳትም ቶሎ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ጠባቂ ሰውም አልፎ አልፎ ሳይጠበቅ መነሳት አለበት። በዙር ውስጥ አንዴ እንኳ ቀድሞ ከመታ፣ ተጋጣሚው ግማሽ መንገድ ላይ መቆምን ይፈራል። ይህን ከሦስቱም ጋር እንሠራለን፣ ምክንያቱም ለሚቀጥለው ሌሎቹም የእኛን ልማድ አይተዋል።

ጠመኔው ተሟጧል፣ በፕላስተር እንተካዋለን። ከጥምቀት በኋላ የካራቴው ወዳጄ ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ተስማምቷል። እኛም ዓርብ ዓርብ ወደ እነሱ እንሄዳለን። የሳንዳውን አሠልጣኝ ገና አላናገርኩትም፤ በዚህ ሳምንት እጠይቀዋለሁ።